ከጦሳ እስከ ጨፋ፦ የካነን ኤስኤክስ70 ዙም እውነተኛ ልኩ

ረጅም ዙም ያለው ካሜራ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። ዙሙን እስከ መጨረሻው ይገፋና ከመንገዱ ማዶ ያለ ታፔላ ላይ ያነጣጥራል። ፊደሉ ስክሪኑን ሞልቶ ይታያል፣ ገዢውም ይደነቃል። ያ ታፔላ ግን ያለው 30 ወይም 40 ሜትር ላይ ነው፤ በዚያ ርቀት ጤነኛ የሆነ ሌንስ ሁሉ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። ካሜራው የሚፈተነው በማለዳ ከደሴ ወደ ጦሳ ገደል ሲዞር፣ ሐይቅ ዳር ዳክዬ ላይ ሲያነጣጥር፣ ወይም ኮምቦልቻ ላይ እኩለ ቀን በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሻግሮ ሲያይ ነው። ካነን ፓወርሾት ኤስኤክስ70 ኤችኤስን እዚህ የምንመዝነው በእነዚህ ቦታዎች ልክ ነው። ጽሑፉ ከአውቶ ሞድ ወጥተው ሸተርን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) እና አፐርቸርን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) በእጃቸው መቆጣጠር ለጀመሩ፣ ፎቶን ግን እንጀራቸው ላላደረጉ ሰዎች ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እናጥራ። ካሜራው ይፋ የሆነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ነው። ዙሙ 65 እጥፍ ሲሆን ከ21 እስከ 1365 ሚሊ ሜትር ተብሎ ይሸጣል። የሌንሱ እውነተኛ ርዝመት ግን ከ3.8 እስከ 247 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ የመጣው ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል ከሚያደርገው ክፍል፣ ከሴንሰሩ ነው። ሴንሰሩ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር ያነሰ ነው፤ ከምስሉ መሀሉን ብቻ ስለሚወስድ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሚዛን ሲሰላ 1365 ይሆናል። በዚያች ጥፍር ላይ 20.3 ሚሊዮን ፒክስል ታጭቋል። ባትሪና ካርዱን ጨምሮ 610 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ትልቁ በረከቱም ይኸው ነው። ዳገት ሲወጣ አንገት አይጎትትም፣ በትንሽ ቦርሳ ይገባል።

ሜዳ ላይ የሚጠቅም አንድ ቀላል ስሌት አለ። ዙሙ መጨረሻ ላይ ሲሆን የርቀቱን ሜትር ለ40 አካፍሉ፤ የምታገኙት ቁጥር ፍሬሙ በወርዱ የሚይዘው ሜትር ነው። 40 ሜትር ላይ 1 ሜትር፣ 100 ሜትር ላይ 2 ሜትር ተኩል፣ 1 ኪሎ ሜትር ላይ 25 ሜትር ይይዛል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ የደጋ ቁራ ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህላል፤ 30 ሜትር ላይ ካረፈ ፍሬሙን ሊሞላው ጥቂት ነው የሚቀረው። ግማሽ ሜትር የምታህል ዳክዬ 100 ሜትር ላይ ስትሆን ግን የፍሬሙን አንድ አምስተኛ ብቻ ትይዛለች፣ በፒክስል 1,000 ገደማ። ለስልክ ስክሪን ትበቃለች፣ ለግድግዳ ግን አትበቃም። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ስሌት ብታደርጉ ብዙ ከንቱ ጉዞ ትድናላችሁ።

በብዛት ስህተት የሚፈጸመው አፐርቸር ላይ ነው። ሌንሱ በሰፊው ጫፍ እስከ ኤፍ3.4፣ በሩቁ ጫፍ እስከ ኤፍ6.5 ይከፈታል፤ መዝጋት የሚቻለው እስከ ኤፍ8 ብቻ ነው (የኤፍ ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። በትልቅ ካሜራ የተማረ ሰው ተራራ ሲያነሳ ወደ ኤፍ8 መዝጋት ለምዷል። እዚህ ያ ልማድ ምስሉን ያበላሻል። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን አንዲት የብርሃን ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ክብ ሆና ትሰፋለች። በኤፍ6.5 የዚያ ክብ ስፋት 8.7 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ገደማ ነው፤ የዚህ ሴንሰር አንድ ፒክስል ግን 1.2 ማይክሮን ብቻ ነው። አፐርቸሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እንኳ አንዷ ነጥብ ሰባት ፒክስል ያህል ላይ ትፈሳለች፤ ሲዘጋማ ይብሳል። ስለዚህ በሩቁ ጫፍ አፐርቸሩ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ብርሃን ከበዛ ሸተሩን አፍጥኑት፤ እስከ 1/2000 ሴኮንድ ይሄዳል።

ከዚሁ የብርሃን ሕግ የሚወጣ ሌላም ነገር አለ፦ አየሩ እንደ መስተዋት ቢጠራ እንኳ ይህ ሌንስ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ዝርዝር መለየት አይችልም። ዲጂታል ዙም የሚጨምረው ዝርዝር የለም፣ ያለውን ብቻ ይለጥጣል። ካሜራው እጃችሁ እንደገባ መጀመሪያ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ዲጂታል ዙሙን አጥፉት።

ፍርዴ እንዲህ ነው። እስከ 800 ሚሊ ሜትር ድረስ፣ ብርሃኑ ደህና ከሆነ፣ የሚወጣው ምስል 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ታትሞ ቢሰቀል አያሳፍርም። ከ800 እስከ 1365 ያለው ደግሞ ለቅርብ ወፍና ለጨረቃ የተሰጠ ጸጋ ነው። ለሩቅ ተራራ ግን አይሆንም።

የማይሆንበት ዋናው ምክንያት አየሩ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ በሸለቆ ውስጥ ናት፤ ደሴ ደግሞ ከእሷ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። የሁለቱ አየር ለካሜራ አንድ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ አስፋልቱና ቆርቆሮው ይግላል። ከላያቸው የሚነሳው ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ያጣምመዋል። ዓይናችሁን ቪውፋይንደሩ (ማነጣጠሪያ መስኮቱ) ላይ ስታደርጉ የሩቁ ሕንፃ ጠርዝ በውሃ ውስጥ እንዳለ ሲዋልል ታያላችሁ። ያን ጊዜ የሚረዳችሁ ሴቲንግ የለም። ሸተር ብታፈጥኑ የተጣመመውን መስመር እንደተጣመመ ያቆመዋል፤ ትራይፖድ ብትተክሉም የሚንቀጠቀጠው ካሜራው አይደለምና ትርፉ ድካም ነው። ብዙ ሰው «ሌንሱ ፎከስ አይዝም» ብሎ የሚያማርረው በዚህ ሰዓት ባነሳው ፎቶ ነው። መፍትሔው ሦስት ነው፦ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ማንሳት፣ ከጣሪያና ከአስፋልት በላይ ከማነጣጠር ይልቅ በሣር ወይም በገደል ላይ ማሻገር፣ አለበለዚያም ጠጋ ማለት። 200 ሜትር መጠጋት ከ500 ሚሊ ሜትር ዙም ይበልጣል።

መኪና ውስጥ ሆናችሁ የምታነሱ ከሆነ ደሴ ላይ የማይጠበቅ ወጥመድ አለ። ጠዋት ብርድ ስለሆነ መስኮቱ ተዘግቶ ውስጡ ይሞቃል። ለማንሳት መስታወቱ ሲወርድ ሞቃቱ አየር በሌንሱ ፊት ይፈስሳል፤ ውጤቱ ከአስፋልቱ ሙቀት አይለይም። ሞተሩን አጥፍታችሁ መስኮቶቹን ሁሉ ከሩብ ሰዓት በፊት ክፈቱ። ሞተሩ ከሠራ ንዝረቱም በተራው ያበላሸዋል።

በደሴ ዋናው ጠላት ጭጋግ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ወርዶ ጦሳን ሲሸፍነው ረጅሙ ዙም ሥራ ያጣል፤ ያኔ ወደ 21 ሚሊ ሜትሩ ጫፍ ተመለሱ፤ ጉም ውስጥ ያለ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ ለሰፊ ሌንስ የተሰጠ ነው። ካሜራው ነጭ ጉም ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋልና ኤክስፖዠሩን (የምስሉን ብርሃን መጠን) በ2/3 ወይም በ1 ስቶፕ ከፍ አድርጉ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ዝናቡ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ አየሩ ታጥቦ አደይ አበባው ሜዳውን ሲሞላ፣ ለረጅም ዙም የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ይመጣል። ከጥር በኋላ አቧራውና ጭሱ እየበዛ ይሄዳል።

የብርሃኑን አቅጣጫ ማወቅ ደግሞ ከካሜራው ዋጋ በላይ ነው። ጦሳ ከደሴ በስተምዕራብ፣ አዝዋ ገደል በስተምሥራቅ ናቸው። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ የጦሳን ፊት ታበራለች፣ የማታዋ ደግሞ የአዝዋን። ጠዋት አዝዋን ያነጣጠረ ሰው የሚያገኘው ጥቁር ጥላና የታጠበ ሰማይ ነው። ከቀኑ 10:30 በኋላ ግን ያው ገደል ድርብርብ ድንጋዩ አንድ በአንድ ይለያል፤ 300 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይበቃዋል። በሐይቅ ከተማም እንዲሁ ነው። ከተማው ከውሃው በስተምዕራብ ስለሆነ በማለዳ ከከተማው ዳርቻ ወደ ውሃው ስታነሱ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት። ታንኳና ሸንበቆ በጥላ መልክ ለማንሳት ግሩም ነው፤ የላባ ቀለም የፈለገ ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ይምጣ።

አሁን ወደ እጅ አያያዝ። የካሜራው የንቅጥቅጥ ማረጋጊያ እስከ 5 ስቶፕ እንደሚረዳ ተነግሮለታል፤ እውነትም ጠንካራ ነው። 1365 ላይ በእጅ ተይዞ በ1/250 የተነሳ የቆመ ነገር ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል። ግን አንድ ፎቶ ብቻ አትመኑ፤ አራት ወይም አምስት ተከታታይ አንሱና ምርጡን ምረጡ። ስክሪኑን ዘርግቶ ክንድን አርዝሞ መያዝ ለረጅም ዙም አይሆንም። ቪውፋይንደሩን ግንባር ላይ አስደግፉ፣ ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ አጣብቁ፣ ግራ እጃችሁ ሌንሱን ከሥሩ ይሸከም፣ ትንፋሽ አውጥታችሁ ግማሹ ላይ ጫኑ።

ከትራይፖድ ይልቅ ለዚህ ካሜራ የሚመቸው የእህል ከረጢት ነው። ልብስ ሰፊ ጋ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ከረጢት ከወፍራም አቡጀዲ ድርብ ስፌት አስደርጉ፤ 1 ኪሎ ተኩል ሽምብራ ወይም ሩዝ አድርጉበትና አፉን አሰፉት። እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሲሶው ባዶ ይሁን። ከሞላ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ሲሶው ባዶ ከሆነ ግን ካሜራው ሲቀመጥበት ጎድጉዶ ሌንሱን ያቅፈዋል። ከሽምብራ ሩዝ ይሻላል፤ ቅርጽ ይይዛል፣ አይንሸራተትም። በድንጋይ ካብ ላይ፣ በመኪና መስኮት ጠርዝ ላይ፣ በድልድይ መከታ ላይ ይቀመጣል። በክረምት እንዳይረጥብ፣ በበጋ እንዳይነቅዝ በየሦስት ወሩ እህሉን ቀይሩት።

ትራይፖድ የግድ ከሆነ፣ ለጨረቃ ለምሳሌ፣ ማረጋጊያውን አጥፉና ሸተሩን በ2 ሴኮንድ ታይመር ልቀቁት፤ የጣት ግፊት ብቻውን 1365 ላይ ምስሉን ያወዛውዛል። ገደል አፋፍ ላይ ነፋስ ካለ ቦርሳችሁን ከትራይፖዱ መሀል አንጠልጥሉ፣ እግሮቹን ግን እስከ መጨረሻ አታርዝሙ።

አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንይ፦ ሐይቅ ዳር፣ 40 ሜትር ላይ ያለች ዳክዬ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት። የሞድ መዘውሩን ሸተር ቅድሚያ ወደሚያገኝበት ቲቪ አዙሩ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 200፣ ሸተር 1/500። ፎከሱን ባለ አንድ ነጥብ አድርጉትና ነጥቡን አሳንሱት፤ ነጥቡ ትልቅ ከሆነ ካሜራው ከዳክዬዋ ፊት ያለውን ሸንበቆ ይመርጣል። ዙሙን መጀመሪያ 400 አካባቢ አቁሙና ዳክዬዋን መሀል አስገቡ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ግፉ። በቀጥታ 1365 ላይ ሆኖ ወፍ መፈለግ በመርፌ ቀዳዳ ሰማይ እንደመፈለግ ነው። ዓይኗ ላይ ፎከስ ያዙ። ሸተሩን በግማሽ ስትጫኑ የአፐርቸሩ ቁጥር ቀለሙን ቀይሮ ከታየ ብርሃኑ አልበቃም ማለት ነው፤ አይኤስኦውን ወደ 400 ከፍ አድርጉ። ቁጥሩ 7.1 ወይም 8 ካሳየ ደግሞ ብርሃኑ ተርፏል፤ ካሜራው በራሱ አፐርቸሩን እየዘጋ ነውና ሸተሩን ወደ 1/800 ወይም 1/1000 አፍጥኑ። ወፏ ነጭ ከሆነች በ2/3 ስቶፕ ዝቅ አድርጉ፣ አለዚያ ላባዋ እንደ ወረቀት ይነጣል። ከቻላችሁ ተንበርከኩ፤ ሌንሱ ወደ ውሃው ሲቀርብ ጀርባው ርቆ ይለሰልሳል። በትንሽ ሴንሰር ጀርባን ማለስለስ የሚቻለው እንዲህ ነው።

ወፏ ከፍሬም ከጠፋች በሌንሱ ግራ ጎን ያለውን የፍለጋ ቁልፍ ጫኑና አትልቀቁ። ዙሙ ወደኋላ ይመለሳል፣ ቀድሞ የነበራችሁበትም ቦታ በሳጥን ይታያል፤ ወፏን ሳጥኑ ውስጥ አስገብታችሁ ቁልፉን ስትለቁ ዙሙ ወደነበረበት ይሄዳል። ከካሜራው ሁሉ ይበልጥ የሚወደደው ይህ ቁልፍ ነው። የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እሱን ይልመድ።

የሚበር ወፍ ግን የዚህ ካሜራ ደካማ ጎን ነው። ፎከሱ አንዴ ተቆልፎ በሴኮንድ 10 ፎቶ ያነሳል፤ ፎከሱ ወፏን እየተከተለ ከሆነ ወደ 5.7 ይወርዳል። በተከታታይ ሲያነሳ ቪውፋይንደሩ የሚያሳየው ትንሽ ያለፈውን ነው፤ ስለዚህ አቅጣጫዋን እየቀየረች የምትሄድ ወፍ ታመልጣለች። ቀስ ብሎ የሚያንዣብብ ጆፌ አሞራ ወይም በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ጭላት ይያዛል፣ በ1/1250 እና ከ600 ባልበለጠ ዙም። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወረድ በጨፋ ረግረግ ላይ የሚቆሙ ሽመላዎችና ከብት የሚከተሉ ነጫጭ ወፎች ደግሞ እርምጃቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ለዚህ ካሜራ የተሠሩ ይመስላሉ። እዚያ ግን ሜዳው ቶሎ ይግላል፤ ፀሐይ ስትወጣ ድረሱ።

ጨረቃን በተመለከተ አጭር ነው። 1365 ላይ የፍሬሙን ቁመት ግማሽ ያህል ትይዛለች። ማኑዋል ሞድ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ6.5፣ 1/250። ሙሉ ጨረቃን አትምረጡ፤ ግማሽ ስትሆን ጥላው የጉድጓዶቹን ጠርዝ ያወጣል። ደሴ ከፍ ያለ ስፍራ ስለሆነች፣ ጨረቃዋ ከአናት በላይ ስትሆን የሚወጣው ምስል ገና ከአድማስ ብቅ ስትል ከሚነሳው በእጅጉ ይበልጣል።

አይኤስኦው እስከ 3200 ይሄዳል፤ እስከ 400 ድረስ ያለ ስጋት ተጠቀሙ። 800 በራው ፋይል (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ምስል) ተነስቶ በኮምፒውተር ሲጸዳ ያስኬዳል። 1600 ማስረጃ ለመያዝ ያህል ነው። ለምሽት ሠርግ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥራ ይህን ካሜራ አትመኩበት።

ቀን ላይ ያለ ሕዝብን ግን ያነሳል። በጥምቀት ወይም በመውሊድ ሰልፍ ላይ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለው ክልል ፊት ለማንሳት ይመቻል። ረጅም ዙም ስላላችሁ ብቻ ሰውን ከሩቅ ሰርቃችሁ አታንሱ። ሰኞ ገበያ እህል ዘርግተው የተቀመጡትን እናት «እማማ፣ ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅ የሚወስደው ሁለት ሴኮንድ ነው፤ ፈቅደው ቀና ሲሉ የሚገኘው ፊት በስርቆት አይገኝም። ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈባቸው ከተሞች ናቸው፤ ረጅም ሌንስ የሚያሠጋቸው ሰዎች ቢኖሩ ምክንያት አላቸው። ኤርፖርት፣ ካምፕ፣ ኬላና የጸጥታ ተቋም ባለበት አቅጣጫ ሌንስ አታዙሩ። መታወቂያ ያዙ፣ ገጠር ቀበሌ ከሆነ ቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ከተጠየቃችሁም ያነሳችሁትን በስክሪኑ በደስታ አሳዩ።

ባትሪው ኤልፒ-ኢ12 ይባላል፤ በአንድ ሙሌት 325 ፎቶ ገደማ ተብሎ ተመዝግቦለታል። ዙሙን ደጋግሞ መግፋትና ብርድ ይህን ይቀንሱታል። ባትሪው ወጥቶ በራሱ ቻርጀር ስለሚሞላ ሁለተኛ ባትሪ ግዴታ ነው፤ አንዱ ሲሞላ አንዱ ይሠራል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ቻርጀር ያቃጥላልና ወዲያው አትሰኩ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ርካሽ ተመሳስሎ የተሠራ ባትሪ ሲያረጅ ያብጥና ማስቀመጫው ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ገና ጠበቅ ሲል አውጡት፣ ዳግመኛም አትመልሱት።

ካሜራው ለዝናብና ለአቧራ የታሸገ አይደለም። ሌንሱ ሲረዝም አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ከአየሩም ጋር አቧራ። ነፋስ ባለበት ሜዳ ዙሙን እንደ ፓምፕ አታመላልሱ። ማታ ሌንሱን ወደታች ደፍታችሁ በጎማ መንፊያ የሌንሱን ቀለበቶች ዙሪያ ንፉ፤ በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይገባል። የፊት መስታወቱን በሸሚዝ ጫፍ ወይም በነጠላ አትጥረጉ፤ ጥጡ ላይ ያለ አሸዋ ይቧጭራል። የ67 ሚሊ ሜትር ፊልተር የሚይዝ ቀለበት ይሠራለታል፤ ገዝቶ መስታወት መከለያ ማሰር አይቆጭም።

በብርድ ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ቀዝቃዛ ካሜራ ሞቃትና እርጥብ አየር ውስጥ ወዲያው ከተከፈተ መስታወቱ ያልበዋል። ቦርሳውን ሳትከፍቱ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በክረምት ደግሞ ሻጋታ አለ። ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡና አዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የሚገኙትን የእርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምሩበት፤ እነሱም እርጥበት ይጠግባሉና ቀይሯቸው። ቁም ሣጥን ውስጥ በቆዳ ቦርሳ ተቋጥሮ ክረምቱን የከረመ ሌንስ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካበቀለ ማዳኑ ከባድ ነው።

ሌንሱ ወጥቶ አልመለስ ካለ በእጅ አትግፉት። መጀመሪያ ባትሪውን አውጥታችሁ ሙሉ ባትሪ ክተቱ፤ ብዙ ጊዜ ኃይል ሲደክም ነው መሀል ላይ የሚቆመው። ካልሆነ አፉን ወደ መሬት ደፍታችሁ የቀለበቶቹን ስንጥቅ ንፉና እንደገና ሞክሩ። ከዚህ ካለፈ ባለሙያ ጋር ይሄዳል፤ እንዲህ ባለ ካሜራ ላይ ሌንሱ እንዳለ ስለሚለወጥ የጥገናው ሒሳብ ከካሜራው ዋጋ ብዙም አይርቅም።

ራው ፋይል መያዙ ለዚህ ካሜራ ትልቅ ነገር ነው። የደሴ ጭጋግ ያደበዘዘው ገደል ካሜራው ጨምቆ በሚያስቀምጠው ጄፔግ አይመለስም፣ ከራው ግን ጥቁሩና ነጩ ተለይቶ ይወጣል። ፍሬሙ 4 በ3 ነው፤ ስቱዲዮዎች የሚያትሙት 10 በ15 ወረቀት ግን 3 በ2 ስለሆነ ከላይና ከታች በድምሩ ዘጠነኛው ይቆረጣል። ስታነሱ ከራስ በላይና ከእግር በታች ቦታ ተዉ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ያ ሁሉ የላባ ዝርዝር ይጨመቃል።

ከሌሎቹ ጋር ሲተያይስ? ኒኮን ፒ1000 እስከ 3000 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፣ ግን 1.4 ኪሎ ይመዝናል፣ በሩቁ ጫፍ ኤፍ8 ነው፤ ከላይ የተባለው የአየር ነገር ደግሞ እሱን የበለጠ ይመታዋል። ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 በ600 ሚሊ ሜትር ያቆማል፣ ነገር ግን የሴንሰሩ ስፋት አራት እጥፍ፣ አፐርቸሩም በሩቁ ጫፍ ኤፍ4 ነው። ገንዘቡ ካለ ምርጫው እሱ ነው፤ 600 ላይ ተነስቶ የተቆረጠ የሶኒ ምስል ከብዙ የ1365 ምስል ይበልጣል። ገንዘቡ ከሌለ ወይም ክብደት ካስቸገረ ኤስኤክስ70 በዋጋውና በክብደቱ ተወዳዳሪው ጥቂት ነው። የሚነካ ስክሪን የለውም፤ ይህ አንዳንዱን ያበሳጫል፣ እኔ ግን በጓንትም በእርጥብ እጅም የሚሠሩትን ቁልፎች እመርጣለሁ።

ያገለገለ ስትገዙ ቸኩላችሁ አትክፈሉ። ካሜራውን ጆሮ ላይ አስጠግታችሁ ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ጊዜ አመላልሱ፤ ድምፁ አንድ ወጥ ይሁን፣ ካንገራገጨ ጥርሱ ተበልቷል ወይም አሸዋ ገብቷል። ሌንሱን አስረዝማችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉ፤ ትንሽ መላወስ ያለ ነው፣ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ግን የወደቀ ካሜራ ምልክት ነው። የስልክ ባትሪ በጎን አብርታችሁ የሌንሱን ውስጥ እዩ፤ ጥቂት አቧራ ምስሉን አይጎዳም፣ ድር መሳይ ነገር ካለ ተዉት። ስክሪኑን አውጥታችሁ አዙሩ፣ መብረቅረቅ ካለ ገመዱ ሊበጠስ ነው። በኤፍ8 ባዶ ሰማይ አንሱና አጉልታችሁ ጥቁር ነጥብ ፈልጉ፤ ካለ አቧራው ሴንሰሩ ላይ ደርሷል፣ ሌንሱ ሳይፈታ አይጸዳም። ከዚያ በራሳችሁ ካርድ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ታፔላ በ21፣ በ200፣ በ800 እና በ1365 አንሱ፣ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋችሁ። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ አራቱንም ማዕዘን አስተያዩ፤ አንዱ ጎን ደብዝዞ ሌላው ጥርት ካለ ሌንሱ ተጣሟልና ዋጋውን ቢቀንሱላችሁም አትግዙት።